ንፋስ ልንቀበል

አክስቴ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ሠላሳ ዓመት ያህል በነርስነት አገልግላ ጡረታ ወጥታለች። እኔ ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ የምውል ሰው ነኝ፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን በእግር ወደ እንጦጦ መውጣት ከጀመርን ሁለት ወር ሊሞላን ነው። እሷ «ለጉልበቴ ነው» ትላለች፤ እኔ ለምን እንደምወጣ ሁለታችንም እናውቃለን። የአንዱን ቅዳሜ ጭውውት እንድጽፈው ስጠይቃት «አሳምረህ ብትጽፈኝ እቀየምሃለሁ» ስላለችኝ ቁጣዋንም አልቆረጥሁላትም።

አክስቴ፦ ቀስ በል እንጂ! ጃንሜዳ ልትሮጥ ነው የመጣኸው?

እኔ፦ ሰዓት እያየሁ ነው እትዬ። አርባ ደቂቃ ሄደናል። በሳምንት 120 መሙላት አለብኝ።

አክስቴ፦ ማን አዘዘህ?

እኔ፦ ጥናት አለ። እንግሊዝ አገር ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ጠይቀው በ2019 እ.አ.አ. ያወጡት። በሳምንት ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዛፍ፣ ከሜዳ፣ ከባሕር ዳር የሚያሳልፉ ሰዎች ጭራሽ ከማይወጡት ይልቅ «ጤናዬ ደህና ነው፣ ኑሮዬም ተስማምቶኛል» ይላሉ። ሁለቱ ሰዓት በአንድ ቀን ይሁን ተከፋፍሎ ይሁን ለውጥ የለውም።

አክስቴ፦ ጤነኛው ጤነኛ ስለሆነ ወጥቶ ቢሆንስ? ድብርት የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚያቅተው ከአልጋ መውረድ ነው። ከአልጋ የወረደውን ብቻ ቆጥረህ «መውጣት ያድናል» ብትለኝ አልቀበልህም።

እኔ፦ አጥኚዎቹም ይህን ጥርጣሬ ራሳቸው አንሥተውታል።

አክስቴ፦ እንዲያ ከሆነ ጎበዞች ናቸው። ዘወር በል፣ እናቶች እየመጡ ነው።

(ከላይ አራት ሴቶች ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው እየወረዱ ነበር። ሸክሙ ከጀርባቸው ይልቃል፤ ፊታቸው መሬት መሬት ያያል። ወደ ዳር ወጥተን አሳለፍናቸው። አክስቴ ጥግ እስኪታጠፉ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው።)

አክስቴ፦ እስቲ ንገረኝ፣ እነዚህን ጥናትህ ስንት ደቂቃ ብሎ ይቆጥራቸዋል?

እኔ፦ …

አክስቴ፦ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ዛፍ ሥር ናቸው። በሳምንት ስድስት ቀን። እንዳንተ ቁጥር ቢሆን ከአገሩ ሁሉ የተረጋጉት እነሱ በሆኑ ነበር።

እኔ፦ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው እኮ።

አክስቴ፦ ታዲያ ምስጢሩ ዛፉ ብቻ አይደለማ! ዛፉ ምንም የማይጠይቅህ ሲሆን ነው የሚያሳርፍህ። ለእሷ ዛፉ እንጀራ ነው፤ ጥበቃ ቢይዘኝስ፣ ገመዱ ቢበጠስስ፣ ገዢ ቢጠፋስ ነው።

እኔ፦ የመጣነው ለእኔ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ በመምጣቴ ልታሳፍሪኝ ነው?

አክስቴ፦ አላሳፍርህም። ግን ስታወራ እነሱንም አስባቸው። ደግሞ ሁሉንም ጥናት አልጠላም። ያንን የመስኮቱን እወደዋለሁ።

እኔ፦ የትኛውን?

አክስቴ፦ ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ሰው የሠራውን። በ1984 እ.አ.አ. የወጣ ነው። አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ አንድ ሆስፒታል አለ፤ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ይተኛሉ። አንዳንዱ ክፍል መስኮቱ ዛፍ ያሳያል፣ አንዳንዱ የጡብ ግድግዳ። በዕድሜም በጾታም በሌላውም የሚመሳሰሉ 23 ጥንድ ሕመምተኞችን አወዳደረ። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ አንድ ቀን እንኳን በማይሞላ ጊዜ ቀድመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። እኔን ደስ ያሰኘኝ ግን ሌላ ነው፤ ነርሶቹ ፋይል ላይ የጻፉትን ማስታወሻ አንብቧል! «አለቀሰ፣ ማበረታቻ ያስፈልገዋል» የሚለው ማስታወሻ ግድግዳ በሚያዩት ፋይል ላይ በዝቶ አገኘው። በእኔ ዘመን ማስታወሻችንን ማን ያነበው ነበር? ተረኛ ከተቀየረ በኋላ ቁም ሣጥን ነው የሚገባው።

እኔ፦ እናንተ ጋስ መስኮቱ ምን ያሳይ ነበር?

አክስቴ፦ መስኮቱን ተወው። ጓሮ ነበረን። አንዲት ሲስተር ጎመንና ድንች ታስተክላቸው ነበር። ወር ሙሉ ቃል ያልወጣው ሰውዬ አንድ ቀን ድንገት «ይሄ ጎመን ተጠምቷል» አለ። ከዚያ በፊት ድምፁን ሰምተነው አናውቅም። ሁላችንም ማሰሮ ይዘን ሮጥን! ጎመኑ አዳነው አልልህም፤ መርፌውም እየተወጋ ነበር፣ ጊዜውም ደርሶ ይሆናል። ግን የመጀመሪያ ቃሉ ስለ ራሱ አልነበረም። የታመመ ሰው ከራሱ ውጭ የሆነ ነገር ሲጠማ ማየት… እሱን ነው እኔ የምፈልገው።

እኔ፦ ጓሮው አለ?

አክስቴ፦ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ሆስፒታሉን ስሙን እንዳትጽፈው፤ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፣ መኪና በዝቶ ነው።

(ትንሽ ዝም ብለን ወጣን። ከግራ በኩል ወፍ አለ፤ ስሙን አላውቀውም፣ እሷም አታውቀውም። ባሕር ዛፉ ነፋስ ሲያገኘው እንደ ዝናብ ይሰማል።)

እኔ፦ ይሄን ደን ስወደው!

አክስቴ፦ ደን አትበለው። ሥሩን እየው፤ የራሱ ቅጠል ብቻ ነው ያለው። ባሕር ዛፍ ጎረቤት አይወድም። እርሻ ነው ይሄ፣ የማገዶ እርሻ።

እኔ፦ እሱ ባይኖር እኮ አዲስ አበባም አትኖርም። ምኒልክ ማገዶ ቢያልቅባቸው ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩት ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው ዋና ከተማውን እዚህ ያስቀረው።

አክስቴ፦ አልሰደብሁትም። ሕፃን ሆነን ጉንፋን ሲይዘን በማን ታጠንን? ቅጠሉ ተቀቅሎ፣ ጋቢ ተከናንበን።

እኔ፦ ጃፓኖች በ1982 እ.አ.አ. ለዚህ ነገር ስም አውጥተውለታል። «ሺንሪን ዮኩ» ይሉታል፤ በደን መታጠብ እንደማለት ነው። የደን መሥሪያ ቤታቸው ነው ያወጣው። ከዚያ በኋላ ሰዎችን ደን ውስጥና ከተማ ውስጥ እያስኬዱ ለኩ፤ ደን ውስጥ የሄዱት የደም ግፊታቸውም፣ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞናቸውም ዝቅ ብሎ አገኙት።

አክስቴ፦ እኛ ታጠንን፣ እነሱ ታጠቡ።

እኔ፦ ትቀልጃለሽ። የሚገርመኝ ግን በአማርኛ ጫካ ማረፊያ ሆኖ አያውቅም። «ዱር ገባ» ስንል ሸፈተ ማለታችን ነው። «በረሃ ወረደ» እንላለን። እናቴ በቀትር ወንዝ ዳር እንዳልሄድ «ይለክፍሃል» ትለኝ ነበር።

አክስቴ፦ መናኝም ዱር ይገባል።

እኔ፦ ሽፍታና መናኝ! ጥሩ ባልንጀሮች ናቸው።

አክስቴ፦ ሁለቱም ተጣልተው ነው የሚወጡት። አንዱ ከገዢ፣ አንዱ ከራሱ። አንተ ከማን ተጣልተህ ነው?

እኔ፦ ከቴሌግራም።

(ሳቀች። ሲደክማት እንዳይታወቅባት ሳቋን ታስረዝማለች፤ ድንጋይ አገኘንና ተቀመጥን። ከተማው ከታች በጭጋግ ውስጥ ነበር፤ የፎቆቹ ጫፍ ብቻ ይታያል።)

አክስቴ፦ እውነተኛ ደን ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው። ደብረ ታቦር አካባቢ ዛፍ ስትፈልግ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሄደው። ሜዳው ታርሷል፣ ኮረብታው ታርሷል፤ ቅጽሩ ውስጥ ግን ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ቄሱ ዛፉን የቤተ ክርስቲያኒቱ ልብስ ነው ይሉን ነበር፤ ቅርንጫፍ የሰበረ ልጅ ልብሷን እንደቀደደ ነው የሚቆጠረው።

እኔ፦ ከላይ የተነሣ ፎቶ አይቻለሁ። ቢጫ ማሳ መካከል አረንጓዴ ክብ፣ መሐሉ ላይ የጣሪያው ቆርቆሮ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአንዲት አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከብት እንዳይገባበት ዙሪያውን በድንጋይ ካብ እንዲታጠር ብዙ ደክመዋል።

አክስቴ፦ የ«እመጓ» ደራሲ?

እኔ፦ እሳቸው ናቸው። ሙያቸው ደን ነው።

አክስቴ፦ እግዜር ይስጣቸው። አየህ፣ አያትህ ሁለተኛ ልጇን የቀበረች ዓመት ከቅዳሴ በኋላ ቤት አትመለስም ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወይራው ሥር ትቀመጣለች። እኔ አጠገቧ አፈር እጭራለሁ። ቤት ብትሆን ጎረቤቱ «በቃሽ፣ እግዜርን አታስቀይሚ» ይላታል። ወይራው በቃሽ አይልም። ፀሐይ ሲከርር ትነሣና ወጥ ልትሠራ ትሄዳለች።

እኔ፦ ዳነች?

አክስቴ፦ ልጅ የቀበረ ሰው ከምኑ ይድናል? ወጥ ለመሥራት የሚሆን ነፍስ ትዘራ ነበር ነው የምልህ። እሱ ትንሽ መሰለህ?

እኔ፦ አልመሰለኝም። ራቸልና ስቲቨን ካፕላን የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ። በ1989 እ.አ.አ. ባወጡት መጽሐፍ የጻፉት ይሄንኑ ይመስላል። ሁለት ዓይነት ትኩረት አለ ነው የሚሉት። አንደኛው ጥርስህን ነክሰህ የምታመጣው ነው፤ ሒሳብ ስትሠራ፣ መኪና ስትነዳ፣ የማትወደውን ስብሰባ ስትሰማ። ይደክማል፤ ሲደክም ሰው ይነጫነጫል፣ ይረሳል። ሌላው ሳትጠራው ይመጣል፤ ደመና ሲሄድ፣ ቅጠል ሲወዛወዝ። ያኛው የሚያርፈው ይሄኛው ሲሠራ ነው።

አክስቴ፦ ቴሌቪዥንም ሳትጠራው ዓይንህን ይወስደዋል።

እኔ፦ ቴሌቪዥን ሙሉህን ነው የሚወስድህ። ቅጠል ግማሽህን ብቻ ይይዛል፤ በቀረው ግማሽ ሐሳብህን ታበጥራለህ።

አክስቴ፦ ቡና ሲፈላ ማየት ነዋ! ፍሙ፣ ጭሱ፣ ጀበናው። ሰው ያን ሁሉ ሰዓት ረከቦት ፊት የሚቀመጠው ለሦስት ሲኒ ብቻ መሰለህ? ወይ ጉድ። እኔ ሱስ ነው እያልሁ ራሴን ስወቅስ ኖርሁ።

እኔ፦ አንድ ደግሞ አለ፣ የእኔን ሕመም የነካ። ስታንፎርድ ነው፣ 2015 እ.አ.አ.። 38 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው 90 ደቂቃ አስኬዷቸው፤ ግማሹን ሣርና ዛፍ ባለበት፣ ግማሹን መኪና በሚተራመስበት ጎዳና ዳር። ሣሩ ላይ የሄዱት ሲመለሱ መብሰልሰላቸው ቀንሶ ተገኘ። በአንጎል ምስልም ከመብሰልሰል ጋር የሚያያዘው ቦታ ቀዝቅዞ ታየ። እትዬ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰኝ ይሄ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የተናገርሁት አንድ ቃል ይመጣና እስኪነጋ እሱኑ አበስለዋለሁ። እዚህ ስወጣ ግን እሳቱ ይቀንሳል።

አክስቴ፦ እነዚያ 38 ሰዎች ሕመምተኞች ነበሩ?

እኔ፦ አይ። የአእምሮ ሕመም የሌለባቸው የከተማ ሰዎች ናቸው።

አክስቴ፦ እሱን ያዝልኝ። ሌላ ልጠይቅህ፤ ቅድም ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ዛፍ ይዘህ ቆመሃል። ራስህን ያዞርሃል?

እኔ፦ ትንሽ።

አክስቴ፦ ከመቼ ወዲህ?

እኔ፦ … የድብርቱን ክኒን ካቆምሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል።

(ተነሥታ ቆመች። ደጋግማ አማተበች። ከዚያ የነርስ ድምፅዋ መጣ፤ ያን ድምፅ ልጅ ሆኜ ክትባት ስከተብ ነበር የሰማሁት።)

አክስቴ፦ ሐኪሙን አማክረሃል?

እኔ፦ ተሽሎኝ ነበር። መራመዱ ራሱ በቃኝ ብዬ…

አክስቴ፦ የተሻለህ ምን ወስደህ ነው? ሰው የሚሳሳተው ሲሻለው ነው! ሲብስበትማ ማንም ክኒኑን አይጥልም። ከተሻለህም በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ትወስዳለህ፤ ሲቆምም ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው እንጂ እንደ መብራት አይጠፋም። የሚያዞርህ እሱ ነው።

እኔ፦ እትዬ፣ አንቺ አልዋጥሽውም። ስውጠው ሐዘኑም ሄደ፣ ደስታውም አብሮ ሄደ። የእናቴ ልደት ቀን ሰው ሲስቅ እንደ እንጨት ነው የተቀመጥሁት። እዚህ ግን ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ ይሰማኛል! የሚሰማኝን ትቼ የማይሰማኝን ልዋጥ?

አክስቴ፦ (ረጅም ጊዜ ዝም ብላ) ይሄን ለሐኪሙ ነግረኸዋል?

እኔ፦ ሰባት ደቂቃ ነው ያየኝ። ቆጥሬያለሁ።

አክስቴ፦ አውቃለሁ። በር ላይ ቆሜ «ቀጣይ» ስል የኖርሁት እኔ ነኝ። የእኛን ጥፋት ግን በራስህ ላይ አትወጣው። መድኃኒት ይቀየራል፣ መጠኑ ይቀነሳል፤ እንዲህ አድርጎኛል ካላልህ ግን ማን ያውቅልሃል?

እኔ፦ በስኮትላንድ፣ ሼትላንድ በሚባሉ ደሴቶች፣ ከ2018 እ.አ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች ተፈጥሮን ያዝዛሉ። ባሕር ዳር ሂድ፣ ወፍ እይ ብለው።

አክስቴ፦ በመድኃኒት ፈንታ ነው ከመድኃኒት ጋር?

እኔ፦ … ከሌላው ሕክምና ጋር።

አክስቴ፦ ከጸበል የመጡ ሰዎችን ስቀበል ስንት ዓመቴ! እዚሁ ተራራ ላይ ሲጠመቁ ከርመው። ጸበሉን ተዉ ብዬ አላውቅም፤ እናቴ ያመነችበትን ምን ብዬ? እየዋጣችሁ ተጠመቁ ነው የምለው። አንዱ ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። ሦስቱንም ጊዜ ሲሻለው አቁሞ። በሦስተኛው ጊዜ እናትየውን አላወቅኋትም፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። አንተም እንደዚያ ሆነህ እህቴን…

(አልጨረሰችውም። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ቀጥላ መሬት ላይ የወደቀ የባሕር ዛፍ ፍሬ አንሥታ በጣቷ ታገላብጠው ጀመር፤ እኔም የማየው አጥቼ እሱኑ አየሁ። ቁልቁል ስንጀምር ሰዓቴን አላየሁም፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልነግራችሁም።)

አክስቴ፦ ተቆጣሁህ።

እኔ፦ ይገባኛል።

አክስቴ፦ አትውጣ አላልሁም። እንዲያውም ከቅዳሜ ሌላ ማታም ብትወጣ ጥሩ ነው፤ ተራራ አያስፈልግህም። ሰፈራችሁ ወንዝ ዳር ያለችው ሾላ ትበቃለች። አንድ ዛፍ ያዝ። ስታቆጠቁጥ፣ ስታፈራ፣ ቅጠሏን ስትጥል እያት።

እኔ፦ ወንዙ ይሸታል እኮ።

አክስቴ፦ ይሸታል። ሾላዋ ግን አለች።

(መታጠፊያው ላይ አንዲት ሴት ሸክሟን ካብ ላይ አስደግፋ አርፋ ነበር። ዕድሜዋ ከአክስቴ ብዙ አያንስም። ስንደርስ ገመዱን ደረቷ ላይ አስተካከለች።)

ሴትዮዋ፦ አሸክመኝ፣ የኔ ልጅ።

(በአንድ እጄ ልገፋው ነበር። አልነቃነቅ አለ። በሁለት እጄ፣ ከዚያም በትከሻዬ ገባሁበት። አክስቴም መጣች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን አጸናች፤ ሸክሙ ተነሣ።)

አክስቴ፦ በርቺ እናቴ። አይዞሽ።

ሴትዮዋ፦ ተባረኩ። ዛሬ ደግሞ ነፋሱ ይገፋል።

(ወረደች። ቅጠሉ ከኋላዋ መሬቱን ይጠርጋል። መዳፌ የባሕር ዛፍ ይሸት ነበር።)

እኔ፦ ይሄን ይዛ ሽሮ ሜዳ ድረስ?

አክስቴ፦ ገበያ ካጣች ከዚያም ታልፋለች። ሰኞ ሥራ ስንት ሰዓት ትገባለህ?

እኔ፦ ሁለት ተኩል።

አክስቴ፦ አስፈቅድ። አንድ ሰዓት ላይ ካርድ ክፍሉ በር ላይ አገኝሃለሁ፤ ወረፋውን እኔ አውቀዋለሁ። የተረፈውንም ክኒን ይዘህ ና፣ ስንት እንደቀረ ይቁጠሩት።

እኔ፦ ቅዳሜስ?

አክስቴ፦ ቅዳሜማ እዚሁ ነን። ያን ሰዓትህን ግን ቤት ትተኸው ና።